ለኩዊልት ጠርዝ ባይንደር መግዛት ያዋጣል?

በዓመት አንድ ወይም ሁለት የአልጋ ኩዊልት (በሁለት ጨርቅ መሀል ሙሌት ገብቶ የሚሰፋ ብርድ ልብስ) ለሚሠራ ሰው አያዋጣም። ማዕዘናቸው የተጠጋጋ የሕፃን ብርድ ልብሶችን፣ የጠረጴዛ ምንጣፎችንና ሽርጦችን በብዛት ለሚሰፋ ግን ያዋጣል። ልዩነቱን የሚያመጡት የጠርዙ ውፍረትና ማዕዘኑ ናቸው።

ባይንደር በስፌት መኪና ላይ የሚገጠም መሣሪያ ነው፤ ጥብጣቡን ራሱ እያጠፈ፣ የጨርቁን ጠርዝ ከላይና ከታች አቅፎ በአንድ ስፌት ይዘጋዋል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ርካሹ ዓይነት በቤት መኪና እግር ቦታ የሚገጠም ሲሆን፣ ብሎኑ እየዞረ ከ5 እስከ 20 ሚሊሜትር ጥብጣብ ይቀበላል። ይህ ለቀጭን ጨርቅ የተሠራ ነው። ሁለት ጨርቅና ወፍራም ፖሊስተር የያዘ ጠርዝ በጠባቡ አፉ ስለማይገባ፣ ለኩዊልት ብለው አይግዙት።

ሌላው እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ብረት ነው፤ በመኪናው ጠረጴዛ ላይ በብሎን ይታሰራል። ለፋብሪካ መኪና የተሠራው ጠንካራ ነው፤ በማጠፊያ ወደ ጎን የሚገፋውን ቢመርጡ ለተራ ስፌት መፍታት አያስፈልግም። የስፌት መኪና አምራቾቹ በርኒናና ጃኖሜ ለራሳቸው የቤት መኪኖች የሚሆን ይሸጣሉ፤ ከመኪናው ሞዴል ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጡ ግን አይክፈሉ። አንድ ቀንድ የሚሠራው ለአንድ ስፋት ብቻ ስለሆነ፣ ሻጩን ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፦ ስንት ሚሊሜትር ጥብጣብ ይገባል? ታጥፎ ሲወጣስ ስንት ይሆናል? ለወፍራም ጨርቅ የተሠራ መሆኑንም ይጠይቁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለቱም ጠርዙ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጥብጣብ ሲጨርስ ከሚኖረው ስፋት አራት እጥፍና ለውፍረቱ ትንሽ ጭማሪ ይፈልጋል። ለ12 ሚሊሜትር ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ይቆረጣል። 220 በ240 ሴንቲሜትር የሆነ ኩዊልት ዙሪያው 920 ነው፤ ለመጋጠሚያ 30 ሲጨመር 950 ይሆናል። ስፋቱ 110 ሴንቲሜትር ከሆነ ጨርቅ ዳርና መጋጠሚያው ተቀንሶ ከአንድ ቁራጭ 100 ያህል ይገኛል፤ ስለዚህ 10 ቁራጭ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ይህ ለቀጥታ ቅድ ነው፤ ሰያፍ ቅድ ከዚህ የበለጠ ይወስዳል።

መጀመሪያ የኩዊልቱን ዳር በማስመሪያ አስተካክለው ይቁረጡ፤ ከዳሩ 3 ሚሊሜትር ገባ ብለው ዙሪያውን ይስፉትና ውፍረቱን ይጨቁኑት። ከላይም ጨርቅ የሚስብ ዎኪንግ ፉት ካለዎት ለዚህ ይጠቀሙበት። ጥብጣቡን በስታርች ይተኩሱት። ቁራጮቹን በሰያፍ ያጋጥሙ፤ ስፌታቸውን ከፍተው ይተኩሱና ትርፉን ወደ 5 ሚሊሜትር ይከርክሙ፤ ወፍራም መጋጠሚያ ቀንዱ ውስጥ ይቀረቀራል። ጫፉን ሹል አድርገው ቆርጠው በወረንጦ ይሳቡና 15 ሴንቲሜትር ያህል ከመርፌው ኋላ ያስተርፉ። 90 ቁጥር መርፌና 3 ሚሊሜትር የስፌት ርዝመት ይስማሙታል። ስፌቱ ከጥብጣቡ ውስጠኛ ዳር ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ላይ እስኪያርፍ ድረስ በተመሳሳይ ቁራጭ ላይ ይሞክሩ። ሙከራውን አይዝለሉት፤ የተበላሸውን መፍታት ከመስፋቱ ይከብዳል።

የታችኛው በኩል ሳይያዝ ከቀረ፣ ብዙውን ጊዜ የኩዊልቱ ዳር ከቀንዱ ግድግዳ ስለሸሸ ነው። ክብደቱ ከጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥሎ ጎትቶት ይሆናልና በጎን ወንበር ወይም ጠረጴዛ ይደግፉት። ጥብጣቡን በእጅ መጎተትም አይበጅም፤ በተለይ ሰያፍ ቅድ ሲለጠጥ ስለሚጠብ ከእጥፋቱ ያመልጣል።

ማዕዘኑ ላይ ነው ሥራው የሚጓተተው። ባይንደር ሹል ማዕዘን ራሱ አይዞርም፤ እስከ ጫፉ ሰፍተው፣ ኩዊልቱን አውጥተው፣ ጥብጣብ ስበው፣ እጥፋቱን በእጅ ሠርተው እንደገና ማስገባት ግድ ነው። ማዕዘኑን በምሳ ሰሃን አስምሮ ማጠጋጋት ይህን ያስቀራል፤ ግን ሰያፍ ቅድ የግድ ነው፣ ቀጥታው ኩርባ ላይ ይሸበሸባል። ለመዝጋት ከመነሻው 20 ሴንቲሜትር ሲቀር ያቁሙ፤ ሁለቱን ጫፎች በእጅ አጋጥመው ቀሪውን በተራ እግር ይስፉ።

አሁን ከተለመደው ዘዴ ጋር እናስተያየው። 6 ሴንቲሜትር ጥብጣብ ለሁለት ታጥፎ ከኋላ ይሰፋል፤ ከዚያ ወደ ፊት ተገልብጦ ይደገማል። ባይንደሩ የሚያስቀረው አንዱን ዙር፣ 9 ሜትር ያህል ስፌት ነው፤ ሙከራና አራት ማዕዘን ሲታሰብ ለአንድ ኩዊልት ትርፉ ያልቃል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ጥንካሬው ነው። በተለመደው ዘዴ ዳሩን የሚሸፍነው ድርብ ጨርቅ ሲሆን በባይንደር ነጠላ ነው፤ ኩዊልት ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው ዳሩ ላይ ነው። ፊትና ኋላው በአንድ ስፌት ስለተያዘም ክሩ ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ይከፈታሉ። በየጊዜው ለሚታጠብ የአልጋ ኩዊልት የምንመክረው ድርቡን ነው፤ ቀንዱን የገዙም ለምንጣፉና ለሽርጡ ያቆዩት።