አረንጓዴው የወርቅ ማጠቢያ ገበታ በሰሜኑ ጅረት

ይህ የወርቅ ማጠቢያ ገበታ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከጠንካራ አረንጓዴ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። አንዱ ጎኑ እርከን አለው፣ ሌላው ልሙጥ ነው። የሞከርኩት ከመንገድ በጣም በራቀ የሰሜን ጅረት ላይ ነው። እዚያ በጋው አጭር ነው፤ ውሃው እጅ ያደነዝዛል፤ ትንሽ ሲቆፈር በረዶ የያዘ መሬት ይገኛል። ዕቃ ሁሉ በጀርባ ስለሚጓዝ ቅለቱ ገና ከመነሻው አስደስቶኛል።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን ቀለሙን ነው። በዛገ ብረት ላይ ጥቁሩ አሸዋ አይለይም። በዚህኛው ላይ ወርቁ ቢጫ፣ ማግኔታይቱ (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ጥቁር፣ ሲናባሩ ቀይ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲናባር የሜርኩሪ ማዕድን ነው። በዚያ ጅረት ከወርቁ እኩል ልቤን የሰቀለው እሱ ነበር።

ከትልልቅ ድንጋይ ጀርባና ከአለቱ ስንጥቅ የዛቅሁትን ጠጠር ውሃ ውስጥ አጥልቄ በደንብ እነቀንቀዋለሁ። ከዚያ ገበታውን ዘንበል እያደረግሁ ቀላሉን አስወጣለሁ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ውሃ ትቼ ቀስ ብዬ ሳዞረው ሁሉም በክብደቱ ይሰለፋል። ኳርትዝ ከውሃ 2.65 እጥፍ ይከብዳል፤ ማግኔታይት 5.2፣ ሲናባር 8.1፣ ወርቅ ደግሞ 19.3። ስለዚህ ነጩ ኳርትዝ ወደፊት ይሮጣል፤ ጥቁሩ ይከተላል፤ ቀዩ ከጥቁሩ ኋላ ይጎተታል። ወርቁ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ቀይ ሁሉ ሲናባር አይደለም፤ ጋርኔት የሚባለው ጠንካራ ማዕድንም ቀይ ነው። በቢላ ጫፍ ስትጫኑት ሲናባር ደቅቆ ደማቅ ቀይ ዱቄት ይሆናል። ጋርኔት ግን ንክች አይልም። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ላይ እየወጡ በየቦታው ማጠብ ነው። ቀዩ ፍሬ እየበዛና እየተለቀ ሄዶ ድንገት ከጠፋ ምንጩን አልፋችሁታል ማለት ነው። ጥቁሩ አሸዋ ሲያስቸግር ማግኔት ከገበታው ሥር ማስጠጋት ይበቃል፤ በፕላስቲኩ አልፎ ይስባል። በብረት ገበታ ይህ አይታሰብም።

አንዳንዱ የወርቅ ቅንጣት ብርማ ለብሶ ይወጣል። ሜርኩሪ ይዞታል ማለት ነው። የድሮ ወርቅ አውጪዎች ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ማጠቢያ ሳጥናቸው ውስጥ ሜርኩሪ ይጨምሩ ነበር፤ ብዙው አምልጦ በየወንዙ ቀርቷል። እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሰዎች የብረት ገበታቸውን እሳት ላይ ጥደው ሜርኩሪውን ያተናሉ። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ስለሆነ ወርቁ ይቀራል። ትነቱ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በሳንባ ገብቶ ነርቭን ይጎዳል። ወደ ውሃ የሚመለሰው ደግሞ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት እንዲቀሩ ከሚላቸው አሠራሮች አንዱ ይኸው ነው። ይህ ገበታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ብርማውን ለይቼ ውሃ ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እከድነዋለሁ፤ ስመለስም አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ሰዎች አስረክባለሁ።

እንከንም አለው። አዲሱ ገበታ ቅባት ስላለው ስሱ ወርቅ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በሳሙና በደንብ መፈተግ አለበት፤ አብሮት የሚመጣው መመሪያ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አይልም። እርከኖቹ ሻካራ ወርቅ ለመያዝ አሪፍ ናቸው፣ ለማጥራት ግን ወደ ልሙጡ ጎን ማዞር ይሻላል። ባዶውን ከተዋችሁት ነፋስ ይወስደዋል። ከሁሉ የከፋው አብሮ የሚሸጠው፣ ቅንጣቶችን ከገበታው የሚስበው መምጠጫ ጠርሙስ ነው። በብርድ ይደርቃል፤ ቱቦውም ይወልቃል። አንድ የሜርኩሪ ጠብታ ተመልሶ ጅረቱ ውስጥ ሲገባ ማየት ያበሳጫል። ገበታውን ግዙ፤ መምጠጫውን ግን ጠንከር ያለ ሌላ ፈልጉ።