ጊብሰን ኢኤስ-125፦ በ1955 የተሠራውን አርችቶፕ ከአሥራ አራት ወራት በኋላ ስገመግመው

ላለፉት አሥራ አራት ወራት በየቀኑ ማለት ይቻላል የምጫወተው ጊታር የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ኢኤስ-125 ነው። ሙሉ ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ (አርችቶፕ የሚባለውም በዚህ ነው)፣ ግራና ቀኙ የኤፍ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች የተቀረጹበትና ከኔኩ (ከአንገቱ) መጨረሻ አጠገብ ፒ-90 የሚባል አንድ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ፣ ብቻ የተገጠመለት ጊታር ነው። ጊብሰን ይህን ሞዴል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ እንደገና ማምረት ጀምሮ እስከ 1970 ገደማ ድረስ በሚሺጋን፣ ካላማዙ ከተማ በነበረው ፋብሪካው ሠርቶታል። ኤል-5 እና ኢኤስ-175 ከሚባሉት የጊብሰን ውድ ሞዴሎች ጎን ሲቀመጥ ጌጥ የሌለው ርካሹ ሞዴል ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን አርችቶፖች መካከል ዛሬም ዋጋው ከሚቀመሱት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

የጊታሩ ፊት ከወፍራም የስፕሩስ እንጨት ተፈልፍሎ የወጣ አይደለም፤ ስስ የሜፕል ንጣፎች ተደራርበው፣ በሙጫ ተጣብቀውና በመጭመቂያ ጎብጠው የተሠራ ነው፤ በአጭሩ ኮምፔንሳቶ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔም ከመግዛቴ በፊት ትንሽ አመንትቼ ነበር። አሁን ግን አልስማማም። እንዲህ ያለው ፊት መሰንጠቅን ይቋቋማል፤ ከአምፕሊፋየር ጋር ሲያያዝም ከተፈለፈለው ስፕሩስ ዘግይቶ ነው፣ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ተመልሶ እየነዘረው፣ በራሱ መጮኽ የሚጀምረው። ክሩ ሲመታ ድምፁ ፈጥኖ ይነሣና ፈጥኖ ይከስማል፤ በዚህ ምክንያት አራትና አምስት ኖታ ያላቸው ውስብስብ ኮርዶች እንኳ ሳይደበላለቁ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይሰማሉ። ይህን ጊታር የምወደውም ለዚህ ነው።

ዕድሜውን ያረጋገጥኩት በሻጩ ቃል አይደለም። በኤፍ ቀዳዳው በኩል በባትሪ ሲታይ ውስጡ ላይ የታተመ የፋብሪካ ትእዛዝ ቁጥር አለ፤ ጊብሰን ከ1952 እስከ 1961 በዚህ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ያደርግ ስለነበርና ደብልዩ የ1955 ምልክት በመሆኑ ጥርጣሬ አልቀረም። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ጀርባ ላይ አምራቻቸውን፣ ዓመታቸውንና ሳምንታቸውን የሚናገር ቁጥር አለ፤ ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሚያረጋግጠው ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው፤ መቆጣጠሪያው ኋላ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል።

ዕድሜ ግን ዋናው ጥያቄ አይደለም። አሮጌ አርችቶፕ ሲገዛ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ኔኩ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ነው። ኔኩ በሙጫ የተያያዘ በመሆኑና ክሮቹ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ፊት ስለሚጎትቱት ማዕዘኑ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ክሮቹም ከፍሬቶቹ (በጣት ሰሌዳው ላይ ከተተከሉት የብረት ዘንጎች) እየራቁ ይሄዳሉ። ባለቤቶች ይህን ለመሸፈን ብሪጁን (ፊቱ ላይ ክሮቹን የሚሸከመውን እንጨት) ዝቅ ያደርጉታል፤ ብሪጁ መሠረቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ካረፈ በኋላ ግን ዝቅ የሚልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ብሪጁ በሁለቱ መንኮራኩር መሰል ብሎኖቹ ላይ በቂ ክፍተት ይዞ ቆሞ፣ ክሮቹም ለመጫወት የሚመች ከፍታ ላይ ካሉ ማዕዘኑ ጤነኛ ነው። ካልሆነ ኔኩን በእንፋሎት አላቅቆ እንደገና መትከል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለሠለጠነ ጊታር ጠጋኝ ካልሆነ ለማንም የማይሰጥ ሥራ ነው። ሁለተኛ ያየሁት የኔኩን ራስ ነው፤ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ በመሆኑና የትራስ ሮዱ (በኔኩ ውስጥ ያለው ማጠናከሪያ ብረት) መክፈቻ እዚያው ላይ እንጨቱን ስለሚያሳሳው ጊታሩ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰበረው ይህ ቦታ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አሮጌ ቫርኒሽና አዲስ ቀለም የተለያየ ብርሃን ስለሚሰጡ የተደበቀ ጥገና ይጋለጣል። የእኔው ጊታር ሁለቱንም ፈተና አለፈ።

ያመለጠኝ መቃኛዎቹ ናቸው። ሻጩ ሁሉም ዕቃ የፋብሪካው ነው ብሎኝ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መቃኛዎቹን ፈትቼ ሳጸዳ ግን ከሥራቸው ከሌላ መቃኛ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎች አገኘሁ። አንድ ጊዜ ተቀይረው ኋላ የድሮውን ዓይነት መልሰው ገጥመውባቸዋል ማለት ነው። ድምፁን የሚነካ ነገር ባይሆንም የሰብሳቢን ዋጋ ይቀንሳል፤ ፎቶግራፍ ልኬለት ሻጩ ከገንዘቡ የተወሰነውን መለሰልኝ። መቃኛን ፈትቶ ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ከመግዛቴ በፊት ላደርገው ይገባኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስቸገረኝ ቅኝቱ ነበር። የሮዝውድ ብሪጁ ሦስተኛው ክር በሽቦ የተጠቀለለ እንዲሆን ታስቦ የተቀረጸ ነው፤ እኔ ግን የለመድኩትን ያልተጠቀለለ ሦስተኛ ክር ያለው ቀጭን ስብስብ ገጥሜ ነበር። ባዶ ሲመታ የተቃኘው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ ይሳሳት ነበር። ቀጭኑ ክር 12 (0.012 ኢንች) የሆነ፣ ሦስተኛ ክሩ የተጠቀለለ፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ የኒኬል ክር ስገጥም ችግሩ ወዲያው ጠፋ። ፒክአፑ የሚሠራው በማግኔት ስለሆነ ለአኩስቲክ ጊታር የሚሸጡት የነሐስ ክሮች እዚህ ላይ ደካማና ያልተመጣጠነ ድምፅ እንደሚሰጡ መታወቅ አለበት። ብሪጁ በሙጫም በብሎንም አልተያዘም፤ የሚይዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ክር የምቀይረው አንድ በአንድ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወለቀ ሰው ብሪጁን ከቦታው አጥቶ እንደ አዲስ መለካት ይኖርበታል።

ፒ-90ው ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል በመሆኑ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን ጉምጉምታ ይሰበስባል። ቤት ውስጥ ወንበሬን ጥቂት ዞር ሳደርግ ይቀንሳል፤ ቅጂ ላይ ግን በዝምታው መካከል ይሰማል። ይህን መታገሥ የማይችል ሰው ሀምበከር (ጉምጉምታን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለውን ኢኤስ-175 ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ጊብሰን ያንን ፒክአፕ በሞዴሉ ላይ መግጠም የጀመረው በ1957 ነው። ከከበሮ ጋር ከፍ ባለ ድምፅ ስጫወት ጊታሩ በራሱ መጮኽ ይጀምራል። የኤፍ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በስፖንጅ መድፈን ረድቶኛል፤ ከአምፕሊፋየሩ ፊት ለፊት አለመቆም ግን ከዚያ በላይ ረድቶኛል።

ቫርኒሹ ናይትሮሴሉሎዝ ስለሆነ የአንዳንድ ማቆሚያዎች ጎማ ሲነካው ያቀልጠዋል፤ እኔ ማቆሚያዬን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባም ሣጥኑን ሳልከፍት ለሰዓታት አቆየዋለሁ፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ላዩን በቀጫጭን መስመሮች ይሰነጥቀዋልና። ከአገር ወደ አገር ለሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የዚያ ዘመን የጣት ሰሌዳ ከብራዚል ሮዝውድ ከሆነ፣ ዛፉ ከ1992 ጀምሮ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ሥር ስላለ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል።

እስካሁን ያላስቀየርኩት የድምፅ መቆጣጠሪያው ነው፤ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ ማጽጃ ፈሳሽ ረፍት የሰጠው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ጠጋኙ ሊቀይረው ፈቃደኛ ቢሆንም እምቢ ብያለሁ፤ ብየዳው ከ1955 ጀምሮ ያልተነካ ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያው ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ እንዳለ ይቆያል።