ለከፍተኛ ፍጥነት ውድድር የትኛው ጎማ? የመንገድ ራዲያል፣ የድራግ ጎማና ለጨው ሜዳ የተሠራው ሲነጻጸሩ

በአሜሪካ ባሉት በቦንቪል የጨው ሜዳ ወይም በኤል ሚራጅ ደረቅ ሐይቅ ላይ ለሚሮጥ መኪና ጎማ ሲገዛ መጀመሪያ መታወቅ ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ መኪናው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነትና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት። የሞተሩ ጉልበት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጎማውን ወደ ውጭ የሚወጥረው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ዲያሜትሩ 71 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ዳሩ ላይ ያለችው 1 ግራም ላስቲክ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ሆና ለመገንጠል ትታገላለች። በጎማዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመንገድ ራዲያል

ራዲያል የሚባለው ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የተዘረጉበት የተለመደው የመኪና ጎማ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ፊደል ገደቡን ይናገራል፦ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ብዙ ገዢ የሚስተው ግን ፊደሉና ከአጠገቡ ያለው፣ ጎማው የሚሸከመውን የሚያመለክተው የክብደት ቁጥር በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደማይሠሩ ነው። ዋይ የተጻፈበት ጎማ ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው እስከ 270 ድረስ ነው፤ 300 ላይ የሚቀረው 85 በመቶው ብቻ ነው። የክብደት ቁጥሩ 91 ከሆነ 615 ኪሎ ግራም የነበረው ወደ 523 ይወርዳል ማለት ነው። በጨው ላይ ጎማው እንዳይንሸራተት ከባዱ ብረት እርሳስ የሚጫንባቸው መኪኖች ይህን ገደብ ሳያስቡት ያልፋሉ። ስለዚህ መኪናው ሹፌሩን፣ ነዳጁንና እርሳሱን እንደያዘ አራቱም ጎማ ለየብቻ ይመዘን።

የራዲያል ጥሩ ጎኑ ውስጡ ያለው የብረት ቀበቶ ነው፤ ጎማው በፍጥነት ብዛት ብዙም አይለጠጥም። ደካማ ጎኑ ጥርሱ ነው። የአዲስ ጎማ ወፍራም ጥርስ ክብደት ይጨምራል፣ ይግላል፣ የቀበቶውንም ዳር ይጎትታል። ቀበቶው መላቀቅ ሲጀምር ምልክቱ ንዝረት ወይም ትንሽ እብጠት ነው፤ ያ ጎማ ዳግም መሮጥ የለበትም። ተበስቶ የተጠገነ ጎማም የፍጥነት ፊደሉን እንዳጣ ይቆጠር። ከ240 በታች ለሚሮጥ መኪና ግን ደብሊው ወይም ዋይ ያለው ጥሩ ራዲያል ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

የድራግ ጎማ

የኋላው ሰፊ የድራግ ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተሠራው ከቆመበት ተስፈንጥሮ ለሚነሣና በ402 ሜትር ውስጥ ለሚያበቃ ሩጫ ነው። ላስቲኩ ለስላሳ፣ ንፋሱ ዝቅተኛ፣ ጎኑም ተጣጣፊ ነው። የቦንቪል ረጅሙ መስመር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአማካይ 300 ቢሮጥ እንኳ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ንፋሱ ያነሰ ጎማ መሬት በለቀቀ ቁጥር ይርገበገባል፣ ርግብግቡም ሙቀት ይሆናል፣ ላስቲኩም ይገነጠላል። የፊቱ ቀጭን የድራግ ጎማ ቀላልና ጠባብ ስለሆነ ያጓጓል፤ አምራቹ ለዚህ ፍጥነትና ክብደት በጽሑፍ ካላረጋገጠ ይቅር።

ለጨው ሜዳ የተሠራው

ከ300 በላይ ለሚያስብ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይሄ ነው። እንደ ጉድይርና ሚኪ ቶምፕሰን ያሉ አምራቾች ለዚህ ብቻ የሚሠሩት ጎማ ጠባብ ነው፤ ላስቲኩም እጅግ ስስ ነው። ስስነቱን አይቶ ያለቀ ጎማ የሚመስለው ገዢ አለ፤ ነገር ግን የሚገነጠል ላስቲክ እንዳይኖረው ተብሎ የተደረገ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የሮኬት መኪናው ብሉ ፍሌም በቦንቪል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ያስመዘገበው በንፋስ በተሞላ የጉድይር ጎማ ነው።

ባያስ የሚባለው፣ ክሮቹ ሰያፍ የተደረቡበት ዓይነት ከሆነ በፍጥነት ዲያሜትሩ ያድጋል። ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል፦ ከአካሉ ጋር እንዳይነካካ ክፍተት ይተውለት፤ የማርሽ ስሌትም በቆመ ጎማ ልክ ብቻ አይሠራ። ንፋሱን አምራቹ ባለው ልክ መሙላት ግዴታ ነው፤ ከመንገድ ጎማ በብዙ ይበልጣል። ያገለገለ ወይም መደርደሪያ ላይ የቆየ ሲገዛ የአራት አኃዝ ቁጥሩን ማየት ይገባል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ጎማ የሌለው የብረት ቸርኬ ለሸማች የሚቀርብ ዕቃ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ብላክ ሮክ በረሃ 1,228 ኪሎ ሜትር በሰዓት የደረሰው ትረስት ኤስ ኤስ ሲ በድፍን አሉሚኒየም ቸርኬ ሮጧል፤ የሚገፋው ግን ጄት ሞተር ስለሆነ ቸርኬው መሬቱን መቆንጠጥ አልነበረበትም።

ጥሩ ጎማ በገጠማ ሲበላሽ

የላስቲክ ቫልቭ በፍጥነት ወደ ውጭ ታጥፎ ንፋስ ያፈሳል፤ በብሎን የሚታሰር አጭር የብረት ቫልቭ ይደረግ። ቫልቩ ውስጥ ያለችው መርፌም ክብደት አላት፤ ሽክርክሪቱ ወደ ጎማው ውስጥ ሲገፋት ቀዳዳውን ትከፍታለች። ያኔ ንፋሱን የሚይዘው ክዳኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ከነማሸጊያው የብረት ይሁን።

በ15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ የተቆነጠጠ 10 ግራም የባላንስ እርሳስ በ400 ፍጥነት በ19 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይጎተታል፤ ይፈናጠራል። ወደ መሐል በሚያየው የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ግን ያው ኃይል ራሱ ብረቱ ላይ ይጫነዋል። ያ ቦታ ጨውም የሚጠራቀምበት ስለሆነ ከየሩጫው በኋላ ይታጠብ፤ ካልሆነ ባላንሱ ይጠፋል።

ከሩጫ እንደተመለሰ ንፋሱ ይለካ። በ20 ዲግሪ 60 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ 50 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 68 ይጠጋል። ከዚያ በጣም ካለፈ ጎማው ከመጠን በላይ ግሏል፤ መነሻው ንፋስ አንሶት ወይም ክብደት በዝቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሳይጣሩ ለቀጣዩ ሩጫ አይሰለፍም።