አባባን ሲቲ ስካን ያስነሳሁበት ቤት

አባባ ለሳንባ ካንሰራቸው በየ3 ሳምንቱ ኪትሩዳ የሚባል፣ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ፣ አንድ የምርመራ ማዕከል ሁለት ጊዜ ሲቲ ስካን አስነስቻቸዋለሁ።

ወረፋው ያማርራል። ከቀጠሯችን አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው አስገቡን። አስተርጓሚውም በስልክ ነው፤ አባባ ደግሞ ጆሯቸው ይከብዳል። «ትንፋሽ ይያዙ» ሲባሉ እንዳይደናገጡ፣ ተራ ስንጠብቅ እጃቸውን ይዤ አለማመድኳቸው።

የስካኑ ምስል ንባብ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ዕጢው ሰፋ ብሎ ታየ። አለቀልን ብዬ ነበር። ምስሉን ያነበበችው ሐኪም (ራዲዮሎጂስቷ) ግን እንደ ኪትሩዳ ባለ ሕክምና (ኢሚውኖቴራፒ) ጊዜ የመከላከያ ሴሎች ዕጢው ውስጥ ሲገቡ አልፎ አልፎ ያደገ እንደሚያስመስሉት ጠቅሳ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይደገም ብላ ጻፈች። እውነትም በሁለተኛው ቀንሷል።

በዚያው ስካን ላይ ግን ሁለቱም ሳንባ ግርጌ፣ መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት የሚቀረውን ጉም የመሰለ ነገር ነበር። መድኃኒቱ ያመጣው የሳንባ ብግነት ነው። የአባባን ደረቅ ሳል እኮ ጉንፋን ነው ብለን ንቀነው ነበር! ራዲዮሎጂስቷ የዚያኑ ዕለት ለካንሰር ሐኪማቸው ደወለች። ኪትሩዳው ቆመ፣ ብግነቱን የሚያበርደው ፕሬድኒሶን ተጀመረ። ለእሷ ስል 5 ኮከብ ሰጥቻለሁ።

ከሄዳችሁ የድሮውን ስካን በሲዲ ያዙ። አዲስ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።