ለጊዜያዊ የመስማት መቀነስ የቱ ኮድ? ኤች 93.24 ወይስ ኤች 91.2

ታካሚው «ጆሮዬ ድፍን አለብኝ» ይላል። በአሜሪካው የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር፣ በአይሲዲ-10-ሲኤም፣ ለዚህ አቤቱታ ሁለት ኮዶች በቀላሉ ይምታታሉ። ኤች 93.24 ጊዜያዊ የመስማት ወሰን (ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ) ለውጥ ነው። ኤች 91.2 ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ።

የመጀመሪያው ቀለል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ኃይለኛ ድምፅ አጠገብ ቆይቷል፤ መስማቱ ቀንሶ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ተመልሷል። የድምፁ ምንጭ፣ የቆየበት ጊዜና መሻሻሉ ይጻፍ።

ሁለተኛው ነው ጣጣ ያለው። በሕክምናው የተለመደው መለኪያ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በ3 ተከታታይ ፍሪኩዌንሲዎች (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ደረጃዎች) ቢያንስ 30 ዴሲቤል መቀነስ ነው። ስለዚህ ያለ ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ውጤት) ይህን ኮድ ማየት እኔን አያሳምነኝም። «ምክንያቱ አልታወቀም» ለማለትም መጀመሪያ መፈለግ አለበት። ኩክ ተጠቅጥቆ ከተገኘ ኮዱ ኤች 61.2 ይሆናል። ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ ስቴሮይድ ከታዘዘ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። «በራሱ ይለቃል» ብሎ ወደ መጀመሪያው ኮድ መግፋት መዝገቡን ብቻ አይደለም የሚያሳስተው።

ለአንድ ችግር ሁለቱን አብሮ ማስገባት ደንቡ አይፈቅድም። የሐኪሙ ማስታወሻ የትኛው እንደሆነ ካልለየ ኮድ ሰጪው አይገምትም፤ ሐኪሙን ይጠይቃል።

ጆሮውን የሚለየው የመጨረሻው አኃዝ ግን በሁለቱም አንድ ነው፦ 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 3 ሁለቱም። ጆሮው ካልተገለጸ ብቻ ይለያያሉ፤ ኤች 93.249 እና ኤች 91.20። ሐኪሙ ጆሮውን አይቶ የቱ እንደሆነ ሳይጽፍ መቅረቱ ግን ይገርማል።