ዕቃው ሳይጫን ሥራ የሚጀምሩ ትራንዚተር

ከቻይና ሳኒተሪ ዕቃ እያስመጣሁ እሸጣለሁ። የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የኩሽና ሲንክ፣ ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ቧንቧ)፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ዕቃው ከፎሻን ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። እስካሁን ሁለት ኮንቴይነር በሁለት የተለያዩ ትራንዚተሮች፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ በሚያስፈጽሙ ሰዎች፣ አስወጥቻለሁ። የመጀመሪያው ሞጆ ላይ 23 ቀን ቆመ፣ ሁለተኛው በ4 ቀን ወጣ። ዛሬ የምጽፈው ሁለተኛውን ስላስወጡልኝ ሴትዮ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ «የያዝኩት ደንበኛ ይበቃኛል፣ አትጻፍብኝ» ብለውኛል። ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አላቸው፣ ከሁለት ወጣቶች ጋር ነው የሚሠሩት።

መጀመሪያ የ23 ቀኑን ላስቀድም፣ ያለ እሱ የሴትዮዋ ሥራ ዋጋው አይታይም።

የመጀመሪያው ትራንዚተር ጥሩ ሰው ነበር፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ግን ያገኘሁት ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሰጠሁት፣ እሱም እንዳሉ ይዟቸው ሄደ። ኢንቮይሱ ላይ ሻጩ በጅምላ «ሳኒተሪ ዌር» ብሎ፣ አንድ ኤችኤስ ኮድ (የዕቃው የታሪፍ ቁጥር) ሰጥቶ፣ አንድ ድምር ዋጋ ነው የጻፈው። ፓኪንግ ሊስቱ (የካርቶኖቹ ዝርዝር) ላይ ያለው ክብደት ደግሞ ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ከመርከብ ድርጅቱ የጭነት ሰነድ፣ ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ የድርጅቴ ስም ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። አንድ ፊደል! እሱን ለማስተካከል ብቻ ከቻይና እስከ መርከብ ድርጅቱ ድረስ ስንት ኢሜይል ተጻጻፍን፣ ለማስተካከያም ከፈልን። ከዚያ ዲክላራሲዮኑ፣ ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ ሲገባ ቀይ ወጣ። ቀይ ማለት ዕቃው ተከፍቶ ይፈተሻል ማለት ነው፤ ቢጫ ሲሆን ሰነዱ ይመረመራል፣ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱም ሳያስፈልግ ያልፋል። ኮንቴይነሩ ተከፈተ፣ ውስጡ ያለው ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አልተመሳሰለም፣ ኮዱ እንደገና ይመደብ ተባለ። በዚህ ሁሉ የወደብ ኪራይ ይቆጥራል፣ የኮንቴይነሩም ቀን ይቆጥራል። ደንበኞቼ ግማሾቹ ቀብድ ከፍለው ነበር የሚጠብቁት፣ ሁለቱ ገንዘባቸውን ወሰዱ። ያን ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ፈታሾቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ወረቀቱ ነበር የተበላሸው።

ለሁለተኛው ዙር አንድ የመርካቶ ነጋዴ ወደ ሴትዮዋ መራኝ። ሄጄ ዕቃው በሚመጣው ወር ይጫናል ስላቸው የጠየቁኝ የመጀመሪያ ነገር ዋጋ አይደለም። «ልጄ፣ ፕሮፎርማው ወጥቷል ወይስ ገና ነው?» ገና ነው ስላቸው ደስ አላቸው። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ፕሮፎርማ ሻጩ ከሽያጩ በፊት የሚሰጠው የዋጋ ዝርዝር ነው። ባንኩ ፐርሚት (የማስመጫ ፈቃድ) የሚሰጠው በፕሮፎርማው ላይ ተመሥርቶ ነው፣ ኤልሲም (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከተከፈተ በዚያው ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የገባ ስህተት ባንክ ይገባል፣ ከባንክ ኢንቮይስ ላይ ይወርዳል፣ ከኢንቮይስ ዲክላራሲዮን ላይ ይመጣል። ሞጆ ደርሶ ሊስተካከል ሲታሰብ ሁሉም ወረቀት አብሮ መነካት አለበት።

ቀጥለው የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አስላኩኝ፣ ከምን እንደተሠራም ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የተማርኩት። እኛ ሱቅ ውስጥ ሁሉንም ሳኒተሪ እንለዋለን፣ ለታሪፍ መጽሐፉ ግን አንድ ዕቃ አይደለም። ሴራሚክ የሆነው የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ 69.10 ላይ ነው። ስቴንለስ የሆነው የኩሽና ሲንክ 73.24 ነው። የፕላስቲክ ገንዳና የፕላስቲክ የሽንት ቤት መክደኛ 39.22 ይገባል። ሚክሰርና የውሃ መክፈቻ ቧንቧው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቦታ፣ 84.81 ነው። ሁሉም በየቤቱ የየራሱ ቀረጥ አለው። የኮዱ የመጀመሪያ ስድስት ቁጥሮች በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ የቻይናውን ሙሉ ኮድ ቀድቶ እዚህ መጻፍ አያዋጣም። ሴትዮዋ ዝርዝሩን በእኛ ታሪፍ ቁጥር አስተካክለው፣ ሻጩ በዚያው ቅደም ተከተል ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት እንዲያወጣ አስደረጉ። የካርቶን ብዛት፣ የተጣራ ክብደት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ ሁሉም በየመስመሩ። ሻጩ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ግን ሠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ ራሱ «ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ልጻፍልህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ብዙዎቻችን እንደ ውለታ ነው የምናየው። ለሴትዮዋ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ወይ ትክክለኛውን ጻፍ ወይ ሌላ ሰው ፈልግ አሉኝ፣ በቃ። ጉምሩክ የተመሳሳይ ዕቃዎች የዋጋ መረጃ አለው፣ የቀረበው ዋጋ ካልተዋጠለት ጥያቄ ያነሳል፣ ክርክሩ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ያኔ በቀረጥ ተረፈ የተባለው ብር በወደብ ኪራይ ይሄዳል፤ ቅጣቱን ሳንቆጥር።

ሌላው የወደድኩላቸው፣ የቀረጥና ታክሱን ሂሳብ ዕቃው ባሕር ላይ እያለ ሠርተው መስጠታቸው ነው። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንስና የማጓጓዣ ወጪ ተጨምሮበት ነው። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት አለ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ፣ ሌሎችም ይከተላሉ። አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ስለሚሄድ ቀረጡን ብቻ አይቶ የተዘጋጀ ሰው መጨረሻ ላይ ብር ያጥረዋል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዶላሩ ሲጨምር ቀረጡም አብሮ ነው የሚጨምረው። እኔ በመጀመሪያው ዙር ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እንኳ ብር ለመሙላት 3 ቀን ሮጫለሁ። በሁለተኛው ግን ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ነበር የሚጠብቀው።

ዲክላራሲዮኑንም ዕቃው ሞጆ እስኪደርስ አልጠበቁም፣ ቀድመው አዘጋጁት። ቢጫ ወጣልን። ሰነዱ ታየ፣ ሁለት ጥያቄ መጣ፣ ለሁለቱም መልስ የሚሆን ወረቀት ፋይላቸው ውስጥ ነበር። በ4ኛው ቀን መኪናው ወጣ። መጋዘኔ በር ላይ ሲቆም እውነት ለመናገር ዕንባዬ መጣ።

አሁን ጉድለታቸውን ልናገር። ውድ ናቸው፣ ከመጀመሪያው ትራንዚተር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስልክ አያነሱም፤ ቴሌግራም ላይ ጽፎ እስከ ማታ መጠበቅ ነው። በቦሌ ካርጎ የሚመጣ ዕቃ አይቀበሉም፣ ኮንቴይነር ብቻ ነው የሚሠሩት። ዕቃው ከተጫነ በኋላ የመጣ አዲስ ደንበኛም አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳሉ፣ ይሄ ለተቸገረ ሰው ከባድ ነው። ደግሞ ጅቡቲ ላይ መኪና ሲዘገይ እሳቸውም ሆኑ ማንም ትራንዚተር የሚያደርገው ነገር የለም፤ የእኔም ኮንቴይነር እዚያ 9 ቀን ቆይቷል። በሌላ በኩል ለከፈልኩት ለእያንዳንዱ ነገር ደረሰኝ ሰጥተውኛል፣ «የሻይ» የሚባል ነገር አንድም ቀን ከአፋቸው አልወጣም። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባዶው ኮንቴይነር መመለሱንም ራሳቸው ተከታትለው የመለሱበትን ወረቀት አምጥተውልኛል፣ ብዙ ሰው ዕቃው ከገባለት በኋላ ይሄን ረስቶ ነው ዲመሬጅ (የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያ) የሚከፍለው።

ሦስተኛውን ኮንቴይነር አሁን እያዘዝኩ ነው። የፕሮፎርማውን ረቂቅ ትናንት ማታ ላክሁላቸው፣ ጠዋት መልሳቸው ደረሰ። የስቴንለሱን ሲንክ ሻጩ ከሴራሚኩ ጋር በአንድ መስመር ጽፎታል፣ የግብር ከፋይ ቁጥሬ ላይም አንድ አሃዝ ተዘዋውሯል። ሁለቱም ዛሬውኑ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ዕቃው ገና ፋብሪካ ውስጥ ነው።