ሁለት ጊዜ የተሞላ መንጋጋ፦ በጅማ ስለ ጥርስ ሙሌትና ስለ ማጣበቂያው

በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ የጅማ ክሊኒኮች ተሞልቷል። የክሊኒኮቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም፤ የምመዝነው ሥራውን፣ በተለይም ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያያዘውን ማጣበቂያና አጠቃቀሙን ነው።

የመጀመሪያው ሙሌት በአራተኛ ወሩ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ቆሎ በምንቆረጥምበት ጊዜ፣ ሳይሰበርና ሳይፈረካከስ እንዳለ ተነቅሎ ወጣ። ለረጅም ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም። ሙሌቱ ራሱ ደካማ ቢሆን ኖሮ ተሰባብሮ ከፊሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ሙሉውን መውጣቱ ግን የከዳው መጋጠሚያው መሆኑን ይጠቁማል። ሙሌቱ በተሠራበት ቀን ጥርሴ በአሲድ ከተቀባና ከታጠበ በኋላ «ይጉመጥመጡና ይትፉ» ተብዬ እንደነበር ያስታወስሁትም ያኔ ነው። ምራቅ የነካውን ገጽ እንደገና ሳያጸዱ ማጣበቂያ መቀባት፣ ቅባት ያለበትን ብረት ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ንጽጽሩን ከሩቅ አላመጣሁትም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ቦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ጥርስን በፎስፎሪክ አሲድ ማዘጋጀት ሬዚን የተባለው፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፕላስቲክ አጥብቆ እንዲይዝ እንደሚያደርግ ሲያሳይ፣ መነሻው በኢንዱስትሪ ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት በዚሁ አሲድ መታከሙ ነበር። የበርና የመስኮት ሠሪዎቻችን ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ሳይፍቁ ቀለም እንደማይቀቡት ሁሉ፣ አሲዱም የጥርሱን ገጽ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ያሻክረዋል፤ ፈሳሹ ሬዚን ወደ እነርሱ ሰርጎ ሲደርቅ እንደ ሥር ይይዛል። እርሱ የተጠቀመበት አሲድ መጠኑ 85 በመቶ ነበር፤ ዛሬ በየክሊኒኩ ያለው ከ35 እስከ 37 በመቶ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክሊኒክ የሄድሁት የወደቀውን ሙሌት በወረቀት ጠቅልዬ ነው። ሐኪሟ ቁራጩን ገልብጣ አየችው፤ ቀጥሎም የፊት ጥርሶቼን ተመለከተችና «መምህር፣ ያደጉት የት ነው?» አለችኝ። ዝዋይ አካባቢ መሆኑን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይዱ ብዙ በመሆኑ እዚያ ያደግን ብዙዎቻችን ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ እኔ እስከዚያ ቀን ነገሩን የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ለካስ እንዲህ ያለው ጥርስ ውጫዊ ሽፋኑ አሲድን ስለሚቋቋም፣ ለሌላው ሰው የሚበቃው ጊዜ ለእኛ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የጉድጓዱን ጠርዝ በመጀመሪያ በመሞረጃው በስሱ ፋቀችው፤ አሲዱንም ጠርዙ ላይ ከተለመደው ጊዜ በላይ አቆየችው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ይህን ጥያቄ አልጠየቀኝም።

አሲዱን ወደ ውስጥ እንዲገባ አልፈቀደችም፤ ምክንያቱም ጥርስ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ኤናሜል የሚባለው ውጫዊ ሽፋን በክብደቱ 96 በመቶ ያህል ማዕድን ስለሆነ ደርቆ ሊሠራበት ይችላል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን 20 በመቶ ያህሉ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የበዛበት ኦርጋኒክ ነገር፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ ውኃ ነው። በላዩም ፈሳሽ የሚያመላልሱ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት፤ እነርሱም ከኤናሜሉ አጠገብ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ወደ 20,000፣ ወደ ነርቩ ሲጠጋ ወደ 45,000 ይደርሳሉ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ከሥር የሚመጣው እርጥበት ይጨምራል፤ ማጣበቂያውም የሚይዘው ጠንካራ ገጽ ይቀንሳል። በአሲድ የታጠበ ዴንቲን ከልክ በላይ ቢደርቅ ኮላጅኑ ይጣበቅና ሬዚኑን አያስገባም፤ ቢርስም ውኃው መንገዱን ይዘጋል። የእኔ ጉድጓድ ጥልቅ ስለነበር ሐኪሟ ለዴንቲኑ የመረጠችው፣ አሲዱን በራሱ ውስጥ የያዘውን፣ አሲድነቱም ቀለል ያለውን ማጣበቂያ ነው። ጠርሙሱ ላይ እንዳነበብሁት ኤምዲፒ የተባለውን ውህድ ይዟል። መጀመሪያ የጃፓኑ ኩራሬይ ኩባንያ የሠራው ይህ ውህድ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ መያዣው ሥር መስደድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከመድኃኒቱ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ትዕግሥቷ ነው። ጥርሱን በላስቲክ ሽፋን ከምራቅና ከትንፋሽ እርጥበት ለየችው፤ ጠብታውን ከጠርሙሱ ያወጣችው ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ ክዳኑንም ወዲያው ዘጋችው፤ በውስጡ ያለው አልኮል ቢተን ማጣበቂያው ይወፍራልና። እየቀባች ሃያ ሰከንድ ያህል አሸችው፤ በቀስታ አየር ነፋችበት፤ ከዚያም በሰማያዊው መብራት አደረቀችው። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ በክረምት ጅማ ይህ ማንንም አያስደነግጥም፤ ሰማያዊው የእጅ መብራቷ ግን በባትሪ የሚሠራ ስለነበር ሥራው አልተቋረጠም። ሙሌቱንም ከሁለት ሚሊሜትር ያልበለጠ ንብርብር እያደረገች፣ እያንዳንዱን ለየብቻው እያደረቀች ሞላችው።

የምነቅፈው አለ። ቀጠሮ ይዤ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። ክፍያው ከመጀመሪያው ክሊኒክ በእጥፍ የተጠጋ ነበር፤ ለሥራው ጊዜ ይገባዋል ብዬ ብቀበለውም፣ ጡረተኛ ሁሉ የሚችለው አይደለም። ሙሌቱ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳኝክ ስለቆረቆረኝ በሳምንቱ ተመልሼ አስተካክላልኛለች፤ ለዚህ አልተከፈለም። ከሁሉ የከፋው ግን ካርዴ ላይ «ሙሌት» ከሚለው ቃል በቀር የማጣበቂያው ስምና የተሠራበት ቀን አለመጻፉ ነው፤ ነገ ሙሌቱ ቢለቅ ሌላ ሐኪም በምን ያውቃል?

ዛሬ 14 ወሩ ነው፤ ቆሎም ቅንጬም በግራ በኩል አኝካለሁ፤ ቀዝቃዛ ውኃም አይሰማኝም። ይህ ግን ለማጣበቂያ ረጅም ዕድሜ አይደለም። ሬዚን ያልሸፈነውን ኮላጅን የዴንቲኑ የራሱ ኢንዛይሞች ቀስ እያሉ ስለሚያፈርሱት፣ መጋጠሚያው የሚፈተነው በወራት ሳይሆን በዓመታት ነው። ሐኪሟ በየስድስት ወሩ ጠርዙን ለማየት ቀጥራኛለች፤ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከመስቀል በኋላ ነው።